ምንጣፉ ላይ ያለችው ልጅ፦ መስማት የተሳናቸው ሠዓሊዎች ስለ መገለል ምን ያሳዩናል?

አንድ ሥዕል አለ። ሳሎን ነው። ቤተሰቡ ሶፋ ላይ ተደርድሯል። ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ እርስ በርስ የሚተዋወቁ፣ የሚዋደዱ ሰዎች ናቸው። ፊታቸው ግን አይለይም። ሠዓሊዋ ሆን ብላ አደብዝዛዋለች። ከእነሱ በታች፣ ወለሉ ላይ፣ አንዲት ልጅ አለች። እንደ ቤት ውሻ ሆናለች።

ሥዕሉን በ1991 የሠራችው አሜሪካዊቷ ሱዛን ዱፖር ናት። ርእሱ «የቤተሰቡ ውሻ» ይላል። ሱዛን ራሷ መስማት የተሳናት ሠዓሊ ናት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሳየው ርእሱ ከበደኝ። ቤተሰብን እንዲህ መክሰስ አይበዛም ወይ አልኩ። ከዚያ የደበዘዙትን ፊቶች ደግሜ አየኋቸው። ከንፈር እያየ ወሬ ለመከተል የሚሞክር ሰው የሚያጋጥመው ይኸው ነው። አንዱ እያላመጠ ያወራል። ሌላው ፊቱን አዙሮ ይመልሳል። ሦስተኛው ሳይታሰብ ጣልቃ ይገባል። ማን ምን እንዳለ ሳይለይ ሁሉም ይስቃሉ። ልጅቷ «ምንድን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱ ሁሌ አንድ ነው። «ተዪው፣ ምንም አይደል። በኋላ እነግርሻለሁ።»

ያ «በኋላ» አይመጣም። ቢመጣም የአንድ ሰዓት ጨዋታ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው።

ቤተሰቡ ልጅቷን አላባረራትም። ያበላታል፣ ያለብሳታል፣ ራሷን ይዳብሳታል። ለውሻም የሚደረገው ይኸው መሆኑ ነው የሥዕሉ ሕመም። ፍቅሩ አለ፤ ወሬው የለም። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ለዚህ ነገር ስም አውጥተውለታል። «የእራት ጠረጴዛ ሲንድረም» ይሉታል።

ነገሩ የጥቂት ቤቶች ችግር አይደለም። መስማት ከተሳናቸው ሕፃናት ከ10ሩ 9 ያህሉ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። አብዛኞቹ ወላጆች ልጁ እስኪወለድ ድረስ የምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው እንኳ አያውቁም። ሌላው ማኅበረሰብ ቋንቋውን ከእናቱ ጉያ ይወርሳል። እዚህ ግን ልጁ ቋንቋውን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከቤት ውጭ ነው፤ መስማት የተሳናቸው ልጆች ከሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ ከጓደኛ፣ ከአዳሪ ቤት መኝታ ክፍል። ካገኘ ነው እንግዲህ። የመጀመሪያዎቹ የልጅነት ዓመታት ያለ ቋንቋ ካለፉ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ይከተላል።

የእነዚህን ሠዓሊዎች ሥራ ደጋግሜ ካየሁ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። እኛ የምንሰማ ሰዎች ስለ እነሱ ስናስብ ቶሎ የሚመጣልን «ዝምታ» የሚለው ቃል ነው። ወፍ የማይዘፍንበት፣ ሙዚቃ የሌለበት ዓለም እናስባለን፤ እናዝናለን። እነሱ ሸራ ላይ ስለ ወፍ ዜማ ሲያለቅሱ አላየሁም። የሚሥሉት የተነፈጋቸውን ወሬ ነው። የታሰረ እጅ ነው። ፊቱን ያዞረ ሰው ነው። ጉድለቱን በጆሯቸው ውስጥ ሳይሆን በእነሱና በሌላው ሰው መካከል ያገኙታል።

ስማችን ማን ነው?

ነገሩ ከቃላት ይጀምራል። የራሳችንን ቋንቋ እንይ። በአማርኛ «ሰማ» ሲባል ድምፅ ጆሮው ገባ ማለት ብቻ አይደለም። ተረዳ ማለትም ነው፤ ታዘዘ ማለትም ነው። «አይሰማም» የምንለው ልጅ ጆሮው ደህና ነው፤ እምቢተኛ ነው ማለታችን ነው። «ምን ይሰማሃል?» ስንል ስለ ስሜት እየጠየቅን ነው። ተሰሚነት ያለው ሰው የተከበረ ሰው ነው። አቤቱታ ችላ ያለ ሹም «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» ይባላል። ማወቅን፣ መታዘዝን፣ ክብርን፣ ስሜትን ሁሉ ጆሮ ላይ ሰቅለነዋል።

«ደንቆሮ» የሚለውን ቃል ደግሞ ማንም ያውቀዋል። ዛሬ ስድብ ነው። አላዋቂ ማለት ሆኗል። የማይሰማ ሰው አያውቅም የሚለው ፍርድ ቃሉ ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል። «መስማት የተሳናቸው» የሚለው አጠራር ጨዋ ነው፤ እኔም እሱን ነው የምጠቀመው። ግን እሱም ቢሆን ሰውን የሚጠራው በጎደለው ነገር ነው።

በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ሰዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ አንድ ዘዴ አላቸው። ስለ ጆሮ ሁኔታ ሲያወሩ «deaf» (መስማት የተሳነው) የሚለውን ቃል በትንሽ ፊደል ይጀምራሉ። የምልክት ቋንቋ ስላለው፣ ታሪክና ባህል ስላለው ሕዝብ ሲያወሩ ደግሞ በትልቅ ፊደል ይጀምሩታል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ በአማርኛ ስናነብ ልዩነቱን በልባችን መያዝ አለብን። አንዱ የሕክምና ጉዳይ ነው። ሌላው የሕዝብ ስም ነው።

አን ሲልቨር የተባለችው አሜሪካዊት አርቲስት ይህን የስም ጉዳይ በክሬዮን ፓኮ አሳይታዋለች። «የመስማት የተሳናቸው ማንነት ክሬዮኖች፦ ያኔና አሁን» የሚለው ሥራዋ በ1999 የተሠራ ነው። ሁለት ፓኮ ነው። እያንዳንዱ ክሬዮን ላይ በቀለሙ ስም ፈንታ የሰው መጠሪያ ተጽፏል። በአንደኛው ፓኮ ሌሎች የለጠፏቸው ስሞች አሉ። በሁለተኛው እነሱ ለራሳቸው የመረጧቸው። ልጆች የሚሥሉበት ዕቃ መሆኑ አስደንቆኛል። ልጅ ራሱን የሚሥለው በተሰጠው ቀለም ነው። ፓኮው ውስጥ ስድብ ብቻ ካለ በምን ይሥላል?

ለምን እጅ ይበዛል?

መስማት የተሳናቸው ሠዓሊዎችን ሥራ ያየ ሰው እጅ መብዛቱን ቶሎ ያስተውላል። ትልልቅ እጆች፣ የሚበሩ እጆች፣ የታሰሩ እጆች። ምክንያቱን ለማወቅ ወደ 1880 መመለስ ያስፈልጋል።

በዚያ ዓመት በመስከረም ወር የመምህራን ጉባኤ ጣሊያን ውስጥ ሚላን ከተማ ተሰበሰበ። አጀንዳው መስማት የተሳናቸው ልጆች እንዴት ይማሩ የሚል ነበር። በአዳራሹ ውስጥ የነበሩት ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሰሙ ሰዎች ናቸው። ጉባኤው በንግግር ማስተማር ከምልክት ይበልጣል ብሎ ወሰነ። ብዙ አገሮች ውሳኔውን ተከተሉ። ምልክት ከክፍል ተባረረ። መስማት የተሳናቸው መምህራን ሥራቸውን አጡ። ልጆች እጃቸውን ሲያንቀሳቅሱ ተመቱ፤ እጃቸው ላይ እንዲቀመጡ ተደረጉ፤ የታሰሩም ነበሩ። የትምህርት ሰዓታቸው ሰምተውት የማያውቁትን ድምፅ በማውጣት አለቀ። ይኸው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለዚያ ውሳኔ መጸጸቱን በይፋ የተናገረው በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው። 130 ዓመት ቆይቶ!

ቤቲ ሚለር የዚህ ታሪክ ልጅ ናት። በ1934 መስማት ከተሳናቸው ወላጆች ተወለደች። በ1972 አንድ የእጅ ሥዕል ሠራች። ሁለት እጆች በካቴና ታስረዋል። ጣቶቹ ተቆራርጠዋል። ርእሱ «አሜስላን ክልክል ነው» የሚል ነው። አሜስላን በዚያን ጊዜ ለአሜሪካ የምልክት ቋንቋ ይሰጥ የነበረ አጭር ስም ነው።

ለሚሰማ ሰው እጅ የሥራ መሣሪያ ነው። በምልክት ለሚያወራ ሰው ግን እጅ አፍም ነው። እዚህ ሥዕል ላይ ጣት መቁረጥ ምላስ መቁረጥ ነው። እንዲህ ስናየው ሥዕሉ ምንም የተጋነነ ነገር የለበትም። በክፍል ውስጥ የተደረገውን ነገር ነው ያሳየው፤ የጣቶቹን መቆረጥ ብቻ ነው የጨመረችበት።

ዓመቱም ትርጉም አለው። ዊልያም ስቶኪ የተባለው ምሁር የአሜሪካ የምልክት ቋንቋ የራሱ መዋቅር ያለው ሙሉ ቋንቋ መሆኑን የሚያሳይ ጥናቱን ያወጣው በ1960 ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው፣ ራሳቸው ተናጋሪዎቹ ጭምር፣ ምልክትን የተሰባበረ እንግሊዝኛ ወይም የእጅ ማወናጨፍ አድርጎ ነበር የሚያየው። ሚለር ብዕሯን ስታነሳ ነገሩ ገና ትኩስ ነው። የተቀማችው ነገር ቋንቋ መሆኑን ሕዝቧ በእርግጠኝነት ማወቅ ከጀመረ ገና አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር።

በመጋቢት 1988 ዋሽንግተን የሚገኘው የጋላዴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግቢያቸውን ዘጉ። ዩኒቨርሲቲው በ1864 መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች የተቋቋመ ነው። ከ120 ዓመት በላይ ግን መስማት የተሳነው ፕሬዝዳንት ኖሮት አያውቅም። በሳምንት ውስጥ አሸነፉ። አይ. ኪንግ ጆርዳን የመጀመሪያው ሆኖ ተሾመ። በዓመቱ፣ በ1989፣ እዚያው ጋላዴት ውስጥ ዘጠኝ አርቲስቶች ለጥቂት ቀናት ተቀመጡ። ሚለርም ነበረች፣ ቹክ ቤርድም ነበር። ማኒፌስቶ ጽፈው ወጡ። ለጥበባቸውም ስም አወጡለት፤ «ዴቪያ»። መስማት የተሳነው ሰው ዓለምን የሚያይበትን ዐይን የሚገልጽ ጥበብ ማለት ነው።

ማኒፌስቶው ከምጠብቀው በላይ ግልጽ ነው። ይህ ጥበብ በምን እንደሚታወቅ ይዘረዝራል። ደማቅና ኃይለኛ ቀለም፣ የሚጋጩ ቀለሞችና ገጽታዎች፣ መሐል ላይ የሚያርፍ ትኩረት፣ የሚጋነኑ ዐይኖች፣ አፎች፣ ጆሮዎችና እጆች። ይህ እንዲሁ የውበት ምርጫ አይደለም። በምልክት ሲወራ ዐይን የሚያርፈው ተናጋሪው ፊት ላይ ነው፤ እጆቹ በዚያው ዙሪያ ይንቀሳቀሳሉ። ቅንድብ ጥያቄ ይሆናል። የጉንጭ መነፋት መጠን ይሆናል። ዕድሜውን ሙሉ ሰውን እንዲህ ሲያይ የኖረ ሠዓሊ ሸራ ላይም ሰውን እንዲሁ ያስቀምጠዋል።

ሌላው የወደድኩት ነገር ድንበሩን ያሰመሩበት መንገድ ነው። መስማት የተሳነው ሠዓሊ የሠራው ሁሉ ዴቪያ አይደለም ይላሉ። አበባ መሣል ከፈለገ አበባ ይሣል። በተቃራኒው ደግሞ የሚሰማ ሰው፣ ለምሳሌ መስማት ከተሳናቸው ወላጆች የተወለደ ልጅ፣ ይህን ሕይወት ለመግለጽ ከተነሣ ዴቪያ መሥራት ይችላል። ወሳኙ የሚነገረው ታሪክ ነው።

ይህ ልዩነት ታሪክን ለማንበብም ይረዳል። መስማት የተሳናቸው ሠዓሊዎች ጥንትም ነበሩ። ሮማዊው ፕሊኒ ኩዊንቱስ ፔዲየስ ስለሚባል መናገር የማይችል ልጅ ሥዕል መማር ጽፏል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን ውስጥ «ኤል ሙዶ» እየተባለ ይጠራ የነበረው ናቫሬቴ ለንጉሥ ፊሊፕ 2ኛ ሥሏል። የሆላንዱ አቨርካምፕ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎችን በመሣል ይታወቃል። ጎያ በ1790ዎቹ መጀመሪያ ታሞ መስማት አቆመ። ካሊፎርኒያዊው ግራንቪል ሬድመንድ የሚታወቀው በአበባ በተሸፈኑ ሜዳዎቹ ነው። ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር የልብ ወዳጅ ነበር፤ ቻፕሊን ከእሱ ምልክት ተምሯል፤ በፊልም ግቢው ውስጥም የሥዕል ክፍል ሰጥቶታል። ያለ ድምፅ በእጅና በፊት የሚተውን ሰውና በእጅና በፊት የሚያወራ ሰው ቢግባቡ ምን ይገርማል?

እነዚህ ሰዎች ታላላቅ ነበሩ። ስለ ራሳቸው ሕዝብ መገለል ግን ብዙም አልሣሉም። የሚሥሉት ሥዕል ገዢው የሚወደውን ነው፤ ከዚያ ነበር የሚኖሩት። ሚለርና ጓደኞቿ ያመጡት አዲስ ነገር ችሎታ አልነበረም። ርእስ ነው።

ቁጣና ደስታ

ዴቪያን የሚከታተሉ ሰዎች ሥራዎቹን በሁለት ይከፍሏቸዋል። የተቃውሞ ሥራዎች አሉ፣ የማረጋገጫ ሥራዎች አሉ። ተቃውሞው የተደረገብንን እዩ ይላል። ማረጋገጫው እኛን እዩ ይላል።

በተቃውሞው በኩል ናንሲ ሮርክ አለች። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ላይ የቆሙ፣ ከሩቅ የሚጮኹ ሥዕሎች ትሠራለች። ከእሷ በፊት ደግሞ ዴቪድ ሉድቪግ ብሎክ ነበር። በ1910 ጀርመን የተወለደ አይሁዳዊ ነው። በ1938 ዳካው ማጎሪያ ካምፕ ታሰረ፤ ከዚያ ወጥቶ ወደ ሻንጋይ አመለጠ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ያን ዘመን መሣል ጀመረ። በናዚ ዘመን መስማት የተሳናቸው ሰዎች ድርብ አደጋ ነበረባቸው። በ1933 የወጣው ሕግ በዘር የሚተላለፍ መስማት አለመቻልን ሰውን ከሚያስመክኑ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ መዝግቦት ነበር። ብሎክ የሣላቸውን ሰዎች ሳይ ይህን መርሳት አልችልም።

ጋዜጠኞች ስለዚህ ጥበብ ሲጽፉ ብዙውን ጊዜ ሥቃዩ ላይ ይቆማሉ። ይገባኛል፤ እኔም የጀመርኩት ከእሱ ነው። ግን እንዲህ ካየነው ግማሹን ነው ያየነው። በ2012 ያረፈው ቹክ ቤርድ የማረጋገጫው መንገድ ትልቁ ስም ነው። መስማት ለተሳናቸው ብሔራዊ ቴአትር ቤት የመድረክ ዕቃ ይሥል ነበር። በሸራዎቹ ላይ የሚያደርገው ነገር ለዐይን ደስታ ነው። ምልክቱን የሚሠራው እጅና ምልክቱ የሚጠራው ነገር ይዋሃዳሉ። እጁ እንስሳውን ሲጠራ እንስሳው እጁ ውስጥ ይወለዳል። የተጻፈ ቃልና የምንጠራው ነገር እንዲህ አይገናኙም፤ «ዛፍ» የሚለው ቃል ቅጠል የለውም። በምልክት ቋንቋ ግን ክንድ ግንድ ይሆናል፣ ጣቶች ቅርንጫፍ ይሆናሉ። ቤርድ ይህን ዕድል አየ፤ ሣለው።

ይህን ሥራ ከሚለር የታሰሩ እጆች አጠገብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የተቆረጠው ጣት ምን ይችል እንደነበረ የሚያሳየው የቤርድ እጅ ነውና።

ለልጆችም ያለው ትርጉም ቀላል አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ እጇን እንድትደብቅ የተነገራት ልጅ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ በፍሬም ተከብቦ፣ የራሷን ቋንቋ ስታይ ምን ይሰማታል? እኔ አልችለውም ልገምተው። ግን ብዙ ሠዓሊዎች ወደዚህ መንገድ የገቡት ሌላ መስማት የተሳነው ሠዓሊ ካዩ በኋላ ነው።

አንድ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር የኮክሌር ኢምፕላንት፣ ማለትም በቀዶ ሕክምና ጆሮ ውስጥ የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ፣ ጉዳይ ነው። በሥዕሎቹ ላይ ጆሮ ውስጥ የገባ ሽቦና መሣሪያ ብዙ ጊዜ ይታያል። የሚሰማ ተመልካች ይናደዳል። «መሣሪያው ይረዳቸዋል እኮ፣ ለምን ይቃወማሉ?» ይላል። ከሥራዎቹ እንደምረዳው ጥያቄያቸው ከመሣሪያው ያለፈ ነው። ልጁ መሣሪያ ተሰጠው፤ መልካም። መሣሪያው እስኪሠራ፣ ባይሠራም፣ ሲወልቅም የሚያወራበት ቋንቋ ለምን ተከለከለ? ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት ይቻላል። «ወይ ይህ ወይ ያ» ያደረጉት ሌሎች ናቸው።

ድምፅ የማን ነው?

መስማት የተሳናት አርቲስት ክሪስቲን ሰን ኪም በ1980 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከኮሪያውያን ወላጆች ተወለደች። አሁን የምትኖረው በርሊን ነው። የምትሠራው ስለ ድምፅ ነው። አዎ፣ ስለ ድምፅ።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል። እሷ ግን በልጅነቷ ድምፅን በደንብ ታውቀው እንደነበር ትናገራለች። በር አታላጊ፣ ሳህን ላይ ማንኪያ አታንኳኪ፣ አታግሺ ይሏት ነበር። የማትሰማው ነገር ሕግ ሆኖ ከላይዋ ተጭኗት አደገች። ድምፅ እንደ ገንዘብ ነው ትላለች፤ ያለው ሰው ሥልጣን አለው። ስለዚህ ድምፅ የሚሰሙ ሰዎች ንብረት ነው የሚለውን ነገር መቀበል ትታ በወረቀት ላይ በራሷ መንገድ ትሥለው ጀመር።

የሙዚቃ ኖታ ስትሥል መስመሮቹ ብዙ ጊዜ አራት ናቸው። በመደበኛው ኖታ አምስት ናቸው። በአሜሪካ የምልክት ቋንቋ «የኖታ መስመር» ስትል አውራ ጣቷን ማውጣት አይመቻትም፤ ስለዚህ እጇ የሚለውን ተከትላ በአራት መስመር ቀረች። ትንሽ ነገር ናት። ግን ማን ማንን መከተል አለበት የሚለውን ጥያቄ በአንድ መስመር ትመልሰዋለች።

በይበልጥ የታወቀችበት «የመስማት የተሳናት ሰው ቁጣ ዲግሪዎች» ነው። በ2018 በከሰል የሠራቻቸው ሥዕሎች ናቸው፤ በ2019 ኒው ዮርክ ዊትኒ ቤተ መዘክር በየሁለት ዓመቱ በሚያዘጋጀው ቢየናሌ በሚባል ዐውደ ርእይ ላይ ታይተዋል። የሒሳብ ደብተር ይመስላሉ። ማዕዘኖች ናቸው። ጠባቡ ማዕዘን ትንሽ ቁጣ ነው። 90 ዲግሪው ተገቢ ቁጣ። እየሰፋ ሄዶ ሙሉ ክብ ሲሆን ቁጣው ሞላ። በየማዕዘኑ ሥር ምን እንዳስቆጣት ተጽፏል። አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ ዊልቼር ያቀርቡላታል፤ መስማት የተሳናት እግር የሌላት ይመስል። ዐውደ ርእይ የሚያዘጋጅ ሰው ደግሞ የአስተርጓሚውን ክፍያ ከእሷ ክፍያ ላይ እንድትካፈል ይጠይቃታል።

ይህ ሥራ ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ብልሃቱ ገርሞኛል። መስማት የተሳናት ሴት ስትቆጣ «ስሜታዊ ናት» መባሉ አይቀርም። ፊቷም እጇም ስለሚናገር ቁጣዋ ከሌላው ሰው ቁጣ በላይ ይታያል። እሷ ቁጣውን በፕሮትራክተር ለካችው። ልኬትን «ስሜታዊ» ማለት አይቻልም።

በየካቲት 2020 ማያሚ ላይ የአሜሪካ ፉትቦል የዓመቱ ፍጻሜ በሆነው በሱፐር ቦውል ጨዋታ መክፈቻ ብሔራዊ መዝሙሩን በምልክት ቋንቋ አቀረበች። መስማት የተሳናቸው ተመልካቾች በየቤታቸው ተሰብስበው ጠበቁ። ካሜራው ጥቂት ሰከንድ አሳያትና ወደ ተጫዋቾቹ ዞረ። በኢንተርኔት ሙሉውን ያሳያል የተባለው ሥርጭትም እንዲሁ አደረገ። የዘፋኝን ድምፅ ሳይቆርጡ ካሜራውን ማዞር ይቻላል፤ ድምፁ ይቀጥላላ። ምልክት ላይ ካሜራ ማዞር ግን ማይክሮፎን መንጠቅ ነው። ኪም በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ቅሬታዋን ጻፈች። ያ ካሜራ ያደረገው ነገር ሱዛን ዱፖር በ1991 የሣለችው ሶፋ ላይ ያሉት ሰዎች የሚያደርጉት ነው። ፊት ማዞር።

ቤተ መዘክሩ ራሱ

ጉዳዩ ዛሬም ትኩስ የሆነው ለዚህ ነው። ዊትኒ በ2025 ለኪም ሰፊ የግል ዐውደ ርእይ አዘጋጅቶላታል። መስማት የተሳናቸው አርቲስቶች ስም ወደ ትልልቆቹ አዳራሾች እየገባ ነው። በ2023 ደግሞ የዓለም መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽን ደቡብ ኮሪያ ጄጁ ላይ ተሰብስቦ ለምልክት ቋንቋ ተናጋሪ ሕዝቦች ባንዲራ መርጧል። መሐሉ ላይ የተዘረጋ እጅ አለ። የነደፈው አርኖ ባላር የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ አይሰማም፣ ዐይኑም በሙሉ አያይለትም። ከ1972ቱ የታሰረ እጅ እስከዚህ እጅ ግማሽ ምእት ዓመት ነው።

ሥዕሉ መግባቱ ግን ሰውየው ገባ ማለት አይደለም። ጎብኚው በጆሮው የሚሰማው መመሪያ ይሰጠዋል። የመክፈቻ ንግግር ይደረጋል፤ አስተርጓሚው ጨለማ ጥግ ላይ ይቆማል፣ ወይም በጀት የለም ይባላል። ቪዲዮ ይታያል፣ የግርጌ ጽሑፍ የለውም። አስጎብኚ ሆኖ የተቀጠረ መስማት የተሳነው ሰው ማግኘት ብርቅ ነው። የመገለል ሥዕል የተሰቀለበት ግድግዳ ሥር መገለል ይቀጥላል። ይህን ማስተካከል ብዙ የሚያስፈልገው ነገር የለም። በዕቅዱ መጀመሪያ ላይ እነሱን ማማከር፣ ለአስተርጓሚ ራሱን የቻለ በጀት መያዝ፣ መብራቱን እጅና ፊት ላይ ማብራት።

የመጨረሻው ሰው አሜሪካዊው አርቲስት ጆሴፍ ግሪግሊ ነው። በአሥር ዓመቱ መስማት አቆመ። ይናገራል፤ ሰዎች የሚመልሱለትን ግን ከከንፈር ማንበብ ሲያቅተው ወረቀት ይሰጣቸዋል። ባገኙት ነገር ላይ ይጽፉለታል፤ ናፕኪን ላይ፣ ፖስታ ጀርባ ላይ፣ ደረሰኝ ላይ። ወረቀቶቹን አይጥላቸውም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሰብስቦ በግድግዳ ላይ ይደረድራቸዋል። «ከሚሰሙት ጋር የተደረጉ ጭውውቶች» ይላቸዋል።

በግድግዳው ላይ ያለው የሚሰሙት ሰዎች ድርሻ ብቻ ነው። እሱ የተናገረው በአየር ላይ ቀርቷል። አንዱ ወረቀት ላይ የሰው ስም አለ። ሌላው ላይ አንድ ቁጥር፣ ግማሽ ዐረፍተ ነገር፣ የሆነ ቀልድ መጨረሻ። ጎብኚው ተጠግቶ ያነባል። ምን ተብሎ ነው እንዲህ የተመለሰው? ምን ነበር ያሳቃቸው? ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው እየሄደ ለማያያዝ ይሞክራል። የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ የለም።